ዋኖሱ ሉራህ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ

ዩ ጊዬም የአዲሱን ቤት ቁልፍ የተቀበለች ዕለት ደረጃውን ደጋግማ ወጣች፣ ደጋግማ ወረደች። የምትሸከመው ዕቃ ኖሮ አይደለም፤ ዕቃዋማ ገና ጋሪ ላይ ነበር። ዝም ብሎ ደስ ብሏት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በሶሎ ወንዝ ዳር ጭቃ ስትረግጥ ለኖረች ሴት፣ እግሯን ባነሳች ቁጥር ሰማዩ አንድ አንድ ክንድ እየቀረባት ሲመጣ፣ ይህ ተአምር ካልሆነ ምን ተአምር አለ? አራተኛ ፎቅ ስትደርስ የበረንዳውን ብረት ይዛ ቁልቁል አየች።

«ተጉህ! ተጉህ! ሩጥ! የኮኮናት ዛፉን አናት አየሁት! እንደ ሕፃን አናት መሐሉ ለስላሳ ነው!»

«ቀስ በይ እማዬ» አለ ልጇ ፍራሽ ተሸክሞ እያለከለከ። «ጎረቤቱ ስማችንን ሳያውቅ እብደታችንን ሊያውቅ ነው።»

«ይወቀዋ! ዛፉም ቢሆን ከዛሬ በፊት አናቱን ለማንም አሳይቶ አያውቅም።»

ከተማው የወንዝ ዳሩን መንደር አንስቶ ነዋሪዎቹን ወደዚህ ሕንፃ ሲያዛውር ያለቀሰው ሰው ብዙ ነው። ዩ ጊዬም ግን አላለቀሰችም። «ወንዙ በዝናብ ወራት ሳይጠራ ይገባና ምንጣፌ ላይ ይተኛል» ትል ነበር። «አንድ ቀን እንኳ እግሩን ጠርጎ ገብቶ አያውቅም። ለእሱ ብዬ ነው የማለቅሰው?»

ጠዋት ጠዋት የእርድና የሁመር፣ የዝንጅብልና የሩዝ መጠጥ በጠርሙስ ሞልታ፣ ጠርሙሶቹን በቅርጫት ደርድራ፣ ቅርጫቱን እንደ ልጅ በነጠላ ጀርባዋ ላይ አዝላ በየሰፈሩ ትሸጣለች። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ መንገዱን ይታጠፋል። ትልቁም ትንሹም «ዩ» ይላታል፣ እትዬ እንደማለት ነው። ወገቡ ለተያዘ እርድ፣ ሆዱ ለተነፋ ዝንጅብል፣ ከሚስቱ ለተጣላ ደግሞ ሁለቱንም ቀላቅላ መራራውን ትሰጠዋለች፤ «ጠጣና ይቅርታ ጠይቅ፤ ሁለቱም የሚመሩት አንዴ ነው» ትለዋለች።

ቤት በዕጣ በሚደለደልበት ቀን ሴቶቹ ሁሉ ምድር ቤት እንዲደርሳቸው ሲጸልዩ፣ ለዩ ጊዬም አንደኛ ፎቅ ወጣላት። እሷ ግን ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሽማግሌ አራተኛ ፎቅ ደርሶት ሲያዝን አየችና ዕጣዋን ለወጠችው። ሽማግሌው እጇን ይዞ መረቃት፤ ሰዉም ደግነቷን አደነቀ። እሷም ምርቃቱን ዝም ብላ ተቀበለች። ነገሩ ግን ደግነት ብቻ አልነበረም። ነገሩ ሉራህ ነበር።

ሉራህ ዋኖስ ነው። አንገቱ ላይ ስስ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት፣ በእፍኝ የሚያዝ ወንድ ዋኖስ። ሉራህ የመንደር ሹም ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ደረቱን ነፍቶ ቆጡ ላይ ሲቀመጥ፣ አቤቱታ ሊሰማ የተሰየመ ሹም ነው የሚመስለው። «ሁር… ከተከ… ኩ…ንግ» ብሎ የመጨረሻዋን ድምፅ ሲጥላት፣ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ውኃውን እንደሚነካ ዓይነት ነው፤ ጥልቅና ክብ። ሰው አፉ ጋ ያደረሰውን ጉርሻ ይዞ ያዳምጠው ነበር።

ዋኖስ ያለው ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ረጅም ቀርከሃ ያቆማል። ጫፉ ላይ ትንሽ መዘውር አለች፤ ጎህ ሲቀድ የወፉ ጎጆ በገመድ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። የወፉ ክብር በከፍታው ነው። ወንዶች በአንዲት የቀርከሃ አንጓ ይጣላሉ፤ ጎረቤቱ የበለጠ ያቆመበት ሰው ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ዩ ጊዬም ቀርከሃዋን ያቆመች ጊዜ ወንዶቹ ሳቁባት። «ሴት ልጅ ዋኖስ ስትሰቅል!» አሏት። «ገመዱ ጢም አልጠየቀኝም» አለችና ሳበችው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም፤ የሉራህን ድምፅ ሰምተዋላ።

ታዲያ አራተኛ ፎቅ ማለት ምን ማለት ነው? የትኛውም ዋኖስ አርቢ በሕልሙም ያላየው ቀርከሃ! ዩ ጊዬም ዕጣዋን ስትለውጥ ያየችው ይኸንን ነበር፤ ሉራህ ከመንደሩ ዋኖሶች፣ ከኮኮናት ዛፎቹ ሁሉ በላይ ተቀምጦ ለከተማው በሙሉ ሲናገር። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

በመጀመሪያው ንጋት ጎጆውን በረንዳው ጣሪያ ላይ ባለው መንጠቆ ሰቀለችው። ተጉህን ቀስቅሳ አጠገቧ አቆመችው።

«አሁን ስማ» አለችው።

ንፋስ መጣ። ሉራህ ላባውን ነፍቶ አንገቱን ቀበረ።

«እየተዘጋጀ ነው» አለች ዩ ጊዬም።

ፀሐይ ወጣች። ከታች ገንፎ ሻጩ ሳህኑን በማንኪያ እየመታ አለፈ። ሉራህ ጭብጥ የሚያህል ግራጫ ኳስ ሆኖ ቀረ።

«ሹሙ ዛሬ ቢሮ አልገቡም» አለ ተጉህ።

«ዝም በል! እንግዳ ነው። አንተስ ሰው ቤት ሄደህ በመጀመሪያው ቀን ትዘፍናለህ?»

በማግሥቱም አልተናገረም። ይባስ ብሎ አልበላም። ዳጉሳው እንደተቀመጠ፣ ውኃው እንደሞላ ይውላል። ዩ ጊዬም ግን ተስፋ መቁረጥ የሚባል ነገር አታውቅምና እንደ ሠርግ ቤት ተንቀሳቀሰች። ጥቁር ሩዝ አጥባ አቀረበች። የእንቁላል አስኳል ቀቅላ ፈረፈረችለት። እርድ በሞቀ ውኃ በጥብጣ ጠብታ ጠብታ በምንቃሩ ጠርዝ ላይ አደረገችለት፤ ምንቃሩ ቢጫ ሆኖ ቀረ እንጂ አልዋጠም። ጎጆውን ከበረንዳው ቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ከሥራ ስትመለስ ደረጃውን በሩጫ ትወጣለች፤ በሩን ከመክፈቷ በፊት ጆሮዋን ትለጥፋለች፤ ዛሬማ፣ ዛሬማ! ብላ። ከውስጥ ግን የቧንቧው ጠብታ ብቻ ነው የሚሰማው።

የግድግዳ ጎረቤቷ ፓክ ናርዮ የሚባል ጫማ ሰፊ ነው፤ ፓክ አቶ እንደማለት ነው። እሱም ወፍ ይወዳል፤ ጭራው የሚረዝም፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ድምፁ ሰፈር የሚያምስ ዘማሪ ወፍ አለው። አንድ ማለዳ በሯን እየደበደበ መጣ።

«ዩ! ዩ! ገባኝ! በሽታው ገባኝ! ብቸኝነት ነው! ወንዝ ዳር በየደጁ ዋኖስ ነበር፣ እዚህ ማን አለው? ጓደኛ ነው የሚያስፈልገው!» ወፉን ከነጎጆው ይዞ ነበር የመጣው።

«ፓክ ናርዮ፣ ያንተ ወፍ አፉ ትልቅ ነው።»

«አፉ ትልቅ፣ ልቡ ሰፊ! አሁን ታያለሽ።»

ሁለቱን ጎጆዎች አጠገብ ላጠገብ ሰቀሏቸው። የፓክ ናርዮ ወፍ ሉራህን አንድ ጊዜ በጎን አየውና ጭራውን ሰቅሎ ለቀቀው! ፉጨት፣ ጩኸት፣ የድመት ድምፅ፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ፣ የሰማውን ሁሉ ደራርቦ ፊቱ ላይ ዘረገፈበት። ሉራህ ከቆጡ ወርዶ ወለሉ ላይ ተለጠፈ።

«አንሣው! አንሣው! ሹሙን ልትገድልብኝ ነው!» ጮኸች ዩ ጊዬም።

«ሰላም እያለው እኮ ነው!»

«ይህ ሰላምታ ነው? እንዲህ ብሎ ሰላም የሚልህ ሰው ቢመጣ አንተ አልጋ ሥር አትገባም?»

ፓክ ናርዮ አፍሮ ወፉን ይዞ ሄደ። በነጋታው ግን ከተጉህ ጋር ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሐሳብ አያልቅበትም። ተጉህ በስልኩ የወንዝ ዳሩን ንጋት ቀድቶ አመጣ። ስልኩን ጎጆው አጠገብ አስቀምጠው ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። የውኃው ድምፅ መጣ። ዶሮ ጮኸ። ሩቅ የሌላ ዋኖስ ድምፅ ተሰማ። ሉራህ አንገቱን ከላባው ውስጥ አወጣ! ዩ ጊዬም የፓክ ናርዮን ክንድ ቆነጠጠች። ወዲያው ከስልኩ ውስጥ የአክስቷ ልጅ የቱሚን ድምፅ ፈነዳ፦

«አንቺ የተረገምሽ ፍየል! ሱሪዬን ትበዪአለሽ? ልቀቂ! ልቀቂ ነው የምልሽ!»

ሉራህ አንገቱን መልሶ ቀበረ።

«ለሱሪው አዝኖ ነው» አለ ፓክ ናርዮ።

ሳቁ። ዩ ጊዬምም ሳቀች፤ ግን ስትስቅ እጇን ወደ ጎጆው አስገብታ የሉራህን ደረት ዳሰሰች፣ ሳቋም አፏ ላይ ቀረ። የደረቱ አጥንት ሹል ሆኖ ወጥቷል፣ እንደ ቢላ ጀርባ። ሥጋው የት ሄደ? ያ ሁሉ የተነፋ ሹመት አየር ብቻ ኖሯል?

የዚያኑ ቀን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርዳ የሕንፃውን ኮሚቴ ሰብሳቢ በር አንኳኳች። ቡ ሚናርሲህ፣ ወይዘሮ ሚናርሲህ እንደማለት ነው፣ ጡረታ የወጣች የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ፊሽካዋ እስከ ዛሬ አንገቷ ላይ ነው። ከበረንዳው ብረት ውጪ ልብስ ያሰጣ፣ አበባ ያንጠለጠለ ሰው ካየች ፊሽካውን ትነፋለች። ሕፃናቱ ገና ሲሰሟት በሰልፍ ይቆማሉ።

«ቡ፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ቀርከሃ ላቁም ብዬ ነው የመጣሁት» አለች ዩ ጊዬም። «አንዲት ብቻ። ለዋኖሴ።»

«አይቻልም» አለች ቡ ሚናርሲህ። «ዛሬ ለእርስዎ የወፍ ቀርከሃ ፈቀድኩ፤ ነገ የፍየል ጋጣ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ዳክዬ። ግቢው እንደገና ወንዝ ዳር ሊሆን ነው።»

«ወፉ ሊሞትብኝ ነው እኮ።»

ቡ ሚናርሲህ ፊሽካዋን በጣቶቿ አሻሸች። «አዝናለሁ፣ ከልቤ። ደንብ ግን ደንብ ነው። ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ቀርከሃ ምን ያደርግልዎታል? እርስዎ ቀርከሃው ጫፍ ላይ ነው የሚኖሩት!»

ይህ አባባል ዩ ጊዬም ጆሮ ውስጥ ቀረ። እውነቷን ነው። ከዚህ በላይ ከፍታ ከየት ይመጣል? ከፍታው እያለ ካልተናገረ ግን ወፉ የሚፈልገው ወንዙን ነው ማለት ነው። ወንዙን ደግሞ አራተኛ ፎቅ ማምጣት አይቻልም። አሰበች፣ ዘወር ብላ አሰበች፣ በመጨረሻም ስልኳን አነሳች።

ቱሚን በወንዙ ማዶ፣ ባልፈረሰው ሰፈር ይኖራል። ሉራህ የተፈለፈለው እሱ ቤት ነው። ዋኖስ አይሸጥም፤ ጥሎሽ ተጥሎ ይሰጣል እንጂ። ያን ጊዜ ዩ ጊዬም የጣለችው ጥሎሽ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። አሁን ደግሞ ወፉ ወደ ወንዙ ሊመለስ ነውና ጥሎሽ የመጣሉ ተራ የቱሚን ሆነ።

«እሁድ ጠዋት እመጣለሁ» አለ ቱሚን። «ዶሮ ይዤ። ግን ጊዬም፣ እርግጠኛ ነሽ? ያለሱ እንዴት ታነጊያለሽ?»

«ለእኔ ነጋ አልነጋ ምን ችግር አለው፤ እሱ ይንጋለት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

እሁድ ሲነጋ ሕንፃው ገበያ ሆኖ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ አዲስ ቤተሰብ እየገባ ነው፤ የያዘው የጥንት ቁምሳጥን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው ደረጃ ላይ፣ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ተሰካ አጥንት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወደ ላይ የሚወጣ ወደ ታች የሚወርድ የለም። ባልየው «ግፉ!» ይላል፣ ሚስትየዋ «ቀለሙ!» ትላለች። የሚገፉት ጎበዞች በመጨረሻ ቁምሳጥኑን ከግቢው በኩል ለመሳብ በፓክ ናርዮ በረንዳ ጣሪያ ላይ ወፍራም መዘውር አስረው ገመድ ወደ ታች ለቀቁ። ግን መጀመሪያ ከደረጃው ማውጣት ነበረባቸው።

ቱሚን ዶሮዋን በብብቱ ይዞ ግቢው ውስጥ ቆመ።

«ጊዬም! በየት ልውጣ?»

«አትወጣም! ደረጃው ቁምሳጥን ውጧል!»

«እና ወፉ?»

ፓክ ናርዮ መዘውሩን ቀና ብሎ አየ። ፊቱ በራ፤ ሐሳብ ሲመጣለት ሁልጊዜ እንዲያ ነው። «ዩ፣ በገመድ እናውርደው! ሹሙ ገመድ ለምዷል። ዕድሜውን ሙሉ በገመድ አይደል ሲወጣ ሲወርድ የኖረው?»

ዩ ጊዬም ጎጆውን ከመንጠቆው አወረደች። የመሸፈኛውን ጨርቅ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «አይሸፈን። ከተማውን እያየ ይሂድ» አለች። ጎጆውን ከገመዱ ጫፍ ጋር አጥብቃ አሰረች፣ ቋጠሮውን ሞከረች፣ እንደገና ሞከረች። «ቀስ» አለች። «ቀስ ናርዮ፣ እንደ እንቁላል።»

መዘውሩ «ጢ…ር፣ ጢ…ር» አለ። ጎጆው ከብረቱ ተሻግሮ ባዶው አየር ውስጥ ገባ። ዞረ። ወረደ። ሦስተኛ ፎቅን አለፈ፤ የአዲሱ ቤተሰብ አያት በረንዳው ላይ ሆና እጇን አውለበለበችለት። ዩ ጊዬም ግማሽ አካሏን ከብረቱ ውጪ አውጥታ እያየች ነው፤ ተጉህ በቀሚሷ ይዟታል። ጎጆው ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ፤ ግቢው ውስጥ ያለው የማንጎ ዛፍ አናት ጎን ለጎን መጣ፤ ቅጠሉ የጎጆውን ቀርከሃ ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«ሁር… ከተከ… ኩ…ንግ።»

ግቢው ቀጥ አለ። ገፊዎቹ መግፋት አቆሙ። ገንፎ ሻጩ ማንኪያውን አየር ላይ አስቀረ። ያቺ የመጨረሻ ድምፅ፣ ክቧ፣ ጉድጓድ የምትገባው ድንጋይ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተጋጨች፣ ተንከባለለች፣ ቀስ ብላ ሰመጠች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእፍኝ የማይበልጥ ላባ ውስጥ የት ተቀምጦ ነበር?

«አቁሙ!!» ጮኸች ዩ ጊዬም። «ናርዮ፣ አቁመው! አትነቅንቀው! አትተንፍስ!»

«ምን ሆነ? ተበጠሰ?» አለ ቱሚን ከታች።

«ሹሙ ተናገረ! ተናገረ!»

«ስለተደሰተ ነው፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ መሆኑን አውቆ» አለ ተጉህ።

«አዎ፣ አውቆ ነው!» አለ ቱሚን። «ልቀቁት፣ ይውረድ!»

ለቀቁት። አንደኛ ፎቅ ደረሰ፤ ዝም። ምድር ሊነካ ሆነ፤ ዝም፣ አንገቱን ቀበረ። ዩ ጊዬም ዓይኗን አጠበበች።

«መልሰው። ሳበው፣ ናርዮ።»

«ወደ ላይ?»

«ወደ ላይ!»

ጢር ጢር ጢር። ማንጎው ጋ ሲደርስ፣ «ሁር… ከተከ… ኩ…ንግ!» አራተኛ ፎቅ ሲደርስ፣ ዝም። እንደገና ወረደ፤ ማንጎው ጋ ተናገረ። እንደገና ወጣ፤ ዝም። አሁን ሕንፃው በሙሉ በረንዳ ላይ ነው። ጎጆው ማንጎው ጋ በደረሰ ቁጥር «ኩ…ንግ!» ብሎ ሰዉ አብሮት ይጮኻል።

«ኧረ ክንዴ ተገነጠለ!» አለ ፓክ ናርዮ።

«ይህ ወፍ ነው ወይስ የጉድጓድ ባልዲ?» አለ ቱሚን። ዶሮዋም በብብቱ ውስጥ ሆና ትጮኻለች።

«ያዘው! እዚያው ማንጎው ጋ ያዘው!» ብላ ዩ ጊዬም ወደ ደረጃው ተወረወረች። ቁምሳጥኑ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። አላመነታችም። ቀሚሷን ሰብስባ በሆዷ ተኛችና በአራቱ እግሮቹ መካከል ሾለከች፤ ሚስትየዋ «ቀለሙ!» ብላ ስትጮህ እሷ በማዶ ወጥታ የቡ ሚናርሲህን በር በሁለት እጇ ትደበድብ ነበር።

ቡ ሚናርሲህ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ ከፈተች። «ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት? ማን ፈቀደ?»

«ቡ፣ በረንዳዎን! በእናትዎ!»

መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ከበረንዳው ማዶ፣ በክንድ ርቀት፣ ሉራህ በገመድ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ደረቱ ተነፍቷል። ቡ ሚናርሲህ ፊሽካዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ሉራህ ቀና ብሎ አያትና፣ «ሁር… ከተከ… ኩ…ንግ» አለ፤ ፊቷ ላይ። ፊሽካው ከከንፈሯ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ከዚህች ወፍ ነው ይህ የሚወጣው?» አለች ቀስ ብላ።

ዩ ጊዬም አልሰማቻትም። በርከክ ብላ ዓይኗን በጎጆው ትክክል አድርጋ ታይ ነበር። ከዚህ ሲታይ የማንጎው አናት ፊት ለፊት ነው፤ ከቅጠሎቹ መሐል ድንቢጦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በቅጠሉ በኩል የገንፎ ሻጩ ጃንጥላ ይታያል፣ የሰዎች ፊት ይታያል፣ የአንዲት ሕፃን ጥርስ ሳይቀር ይታያል። ሰማዩ ከላይ ብቻ ነው፤ እንደ ክዳን። እሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ሰማዩ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም ነው፤ ቅጠል የለ፣ መደበቂያ የለ። ለእሷ ክንፍ የሆነላት ከፍታ ለዚህ ትንሽ ልብ ገደል ኖሯል። የወንዝ ዳሯ ቀርከሃም ከዚህ በላይ አትረዝምም ነበር!

«እዚህ ነው» አለች። «ቡ፣ ቤቱ እዚህ ነው። ወንዙን አይደለም የፈለገው፣ ይህችን ቁመት ነው! እኔ ነኝ ከልክ በላይ የሾምኩት!»

«በረንዳዬ ላይ?» አለች ቡ ሚናርሲህ ነቅታ። «ከብረቱ ውጪ ማንጠልጠል ክልክል መሆኑን ያውቃሉ…»

ፓክ ናርዮ ከላይ ገመዱን እንደያዘ አንገቱን አወጣ። «ቡ! ከብረትዎ ውጪ ያ የተሰጣው አበባማ ምንድን ነው? ገመዱን ስስብ ዓይኔን ከወፉ ላይ ወሰደብኝ!»

ሕንፃው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። በበረንዳው ጥግ፣ ከብረቱ ውጪ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት የቡ ሚናርሲህ የውስጥ ቀሚስ በንፋሱ ይወዛወዛል። ቡ ሚናርሲህ እንደ ልጃገረድ ዘልላ ነጠቀችው። ሳቁ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ተንከባለለ። እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ፎጣዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ ቀሚሱን ብብቷ ውስጥ ወትፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ጣሪያው ላይ መንጠቆ አለ» አለች። «ከብረቱ ወዲህ ነው፣ ደንቡ ይፈቅዳል። ስቀሉት።»

ዩ ጊዬም ጎጆውን ሳበች፣ ፈታች፣ ሰቀለች። ዳጉሳውን ነቀነቀችና ወደ ኋላ ተመለሰች። መናገርማ ተናገረ፤ ግን ካልበላ ድምፅ ምን ያደርጋል? በደረቱ ላይ ያየችው ያ የቢላ ጀርባ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ቡ ሚናርሲህ አጠገቧ ቆመች። ከላይ ፓክ ናርዮ «እህስ?» ሲል ሁለቱም በአንድ ላይ «እሽሽ!» አሉት።

ሉራህ ማንጎውን አየ። አንድ ድንቢጥ አየ። ቆጡ ላይ በጎኑ እየተራመደ መጣ፤ አንድ ዓይኑን ወደ ዳጉሳው፣ አንድ ዓይኑን ወደ ሴቶቹ። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንዲት ፍሬ አነሳ። ጣላት። ሌላ አነሳ። «ጠቅ» አለች ፍሬዋ በምንቃሩ ውስጥ። ከዚያማ አንገቱን ሳያቀና ቀጠለ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ገለባው በቡ ሚናርሲህ ንጹሕ ወለል ላይ እየበነነ።

ዩ ጊዬም የቡ ሚናርሲህን አንገት አቀፈች። ፎጣው ወደቀ።

ቱሚን ጥሎሹን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገባው። «ወፉን አልወሰድኩ፤ ዶሮዋን ይዤ ልመለስ?» አለ።

«ጥሎሽ ይመለሳል እንዴ?» አለች ዩ ጊዬም ከሁለተኛ ፎቅ። «ሙሽራው የገባው እዚህ ቤት ነው፤ ለቡ ሚናርሲህ ስጥ!» ሰዉ በእልልታ ተቀበለው፤ ቁምሳጥን ገፊዎቹም እልል እያሉ በአንድ ትንፋሽ ቁምሳጥኑን አስለቀቁት፤ የግድግዳው ቀለም ግን አብሮ ሄደ።

አሁን ዩ ጊዬም ጎህ ሲቀድ ሉራህን ይዛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ትወርዳለች፤ ማታ ይዛው ትወጣለች። ወፉ ቀን ቀን የሚውለው ሰው ቤት ነው፤ አልከፋትም። ከመጠጧ የመጀመሪያውን ብርጭቆ የምትቀዳው ለቡ ሚናርሲህ ነው፤ ሁለቱ ብረቱን ተደግፈው እስኪናገር ይጠብቃሉ። የታችኛው ቤት ሰዎች ሰዓታቸውን በእሱ ነው የሚሞሉት። ፓክ ናርዮ ሉራህ ወፉን እንዲያስተምርለት ይለምናል፣ አይፈቀድለትም።

ትናንት ዩ ጊዬም ዝናቡ ደስ ብሏት ጎህ ከቀደደም በኋላ ትንሽ ተኛች። በሩ ተደበደበ፤ ከዚያም ፊሽካ ተነፋ፤ ከዚያም የቡ ሚናርሲህ ድምፅ ደረጃውን ሞላው፤ ከመቼ ወዲህ «እርስዎ» ማለት እንዳቆመች ራሷም ሳታውቀው፦

«አንቺ ጊዬም! ተኝተሽ ነው? ማንጎው ነቅቷል፣ ድንቢጦቹ ነቅተዋል፣ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ነው! ሹሙን አምጪልን እንጂ!»